አገር ስጠኝ

እትዬ ቦሰና ዝም ያለ ልጅ አይወዱም ነበር። «ዝም ካለ ወይ አሞታል ወይ አንድ ነገር ሰብሯል» ይሉና ከጓዳ ብቅ እያሉ ያዩናል። ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ ያለው ግቢያቸው በጣሊያን ጊዜ የሰፈሩ ልጆች መዋያ ነበር። እናቶቻችን ጠዋት እዚያ ጥለውን ወደየሥራቸው ይሄዳሉ። የእኔ እናት ልብስ አጣቢ ነበረች፤ የጓደኛዬ የአስፋው እናት ደግሞ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቅመም ትሸጥ ነበር። እትዬ ቦሰና ባላቸው የሞቱባቸው፣ ያልወለዱ ሴት ናቸው። ያለ ልጅ ጩኸት ቤቱ እንደሚያስጠላቸው ሳይደብቁ ይናገሩ ነበር።

ማስተማራቸው ማስተማር አይመስልም። ጭቃ አቡክተን ድስትና እንስራ ስንሠራ መጥተው «ለስንት እንግዳ ነው የምታበስሉት?» ይሉናል፤ እኛም በየድስቱ ጠጠር እየጨመርን እንቆጥራለን። ከሁሉ የምንወደው ግን እንቆቅልሽ ነበር። መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል። አንዱን አገር ይሰጣል፤ አሸናፊው እዚያ አገር ገብቶ ምን እንደበላ፣ ምን እንደለበሰ ይፎክርበታል። መልሱ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። አስፋው በዚህ ጨዋታ እጀ ሰፊ ነበር። ሳያስብ ይሸነፋል፣ ሳይሳሳ ይሰጣል። ምሳ ሳይደርስ ወሎንና ሐረርን አድሎ ይጨርስና «ሌላ አገር የለም?» ብሎ እትዬ ቦሰናን ይጠይቃቸዋል።

ፀዳለ ሌላ ናት። ከሁላችን ታናሽ፣ ከሁላችን ግትር። ስትሸነፍ አገር ስጪ ብትባል ከንፈሯን ትነክሳለች እንጂ አትሰጥም። አንድ ቀን ብንለምናት ብንለምናት «እሺ፣ ጓሮውን ውሰዱ» አለችና ተገላገለችን። አባቷ ጎጃም ዱር ገብተዋል ይባል ነበር፤ የሚባለው ግን በሹክሹክታ ነው።

በዚያ ሰሞን ያለ ፈቃድ ልጅ ሰብስቦ ማስተማር ክልክል ነው የሚል ትእዛዝ በሰፈሩ ተነገረ። እትዬ ቦሰና «እኔ አጫውታለሁ እንጂ መቼ አስተማርኩ?» አሉ፤ ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢውን በር ይዘጉ ጀመር። እናቴ ጭንቅ ይዟት ነበር። ግቢው ከተዘጋ እኔን የት ጥላኝ ልትሠራ ነው? እትዬ ቦሰናም ምግብ አልበላ ብሏቸው እንደሰነበተ ትልቅ ሰው ሁሉ ያውቃል።

በሩ ቢዘጋም የአስፋውን ድምፅ የሚያግደው አጥር አልነበረም። አንድ ጠዋት ፀዳለ ረታችውና እንደ ልማዱ «ጎጃምን ሰጠሁሽ!» ብሎ ጮኸ። ያን ጊዜ በመንገዱ የሚያልፈው የሰፈሩን ጥበቃ የሚያዝዝ ጣሊያን ነበር። ሰውየው ከገበያ የለቃቀማት አማርኛ አለችው፤ «ስጠኝ»ና «ሰጠሁ»ን አሳምሮ ያውቃል። ጎጃምን ደግሞ ጣሊያን ሁሉ ያውቀዋል፤ እንቅልፍ የነሳቸው አገር ነው። በሩን ገፍቶ ገባ። አስተርጓሚው ገብረአረጋዊ፣ ከአስመራ የመጣ ቀጭን ሰው፣ ተከተለው።

«ጎጃምን ማን ነው ለማን የሰጠው ይላል» አለ ገብረአረጋዊ።

አስፋው ከእትዬ ቦሰና ቀሚስ ኋላ ገባ። እሳቸውም ፊታቸው አመድ መሰለ። «ጨዋታ ነው፣ ወንድሜ። እንቆቅልሽ ነው። አንተ ታውቀው የለም?» አሉት።

ገብረአረጋዊ አስረዳው። ጣሊያኑ አላመነም። ጨዋታ ከሆነ እዚሁ ፊቱ ይጫወቱ፣ ካልሆነ ግን ግቢው ዛሬውኑ ይታሸጋል አለ። ሁላችንም ድዳ ሆንን። ዝም ያለ ልጅ የማይወዱት እትዬ ቦሰና እንደዚያ ቀን ጠልተውን አያውቁም።

ፀዳለ ተነሥታ ፊቱ ቆመች። «እንቆቅልህ» አለችው።

ገብረአረጋዊ ሹክ አለውና ጣሊያኑ «ሚናውክሊሽ» አለ። አስፋው ከተደበቀበት ሳቀ።

«ቀን ተጠቅልላ ትቆማለች፣ ሌሊት ተዘርግታ ትተኛለች።»

ጣሊያኑ አሰበ። ጃንጥላ አለ፤ ጃንጥላ መቼ ተኝቶ ያውቃል? እባብ አለ። ባንዲራ አለ። በመጨረሻ እጁን ዘረጋ፤ ጠፋኝ ማለቱ ነው።

«አገር ስጠኝ» አለች ፀዳለ።

ገብረአረጋዊ ሲተረጉም ድምፁ ዝቅ አለ። ጣሊያኑ ግን ጨዋታው ገብቶት ነበርና እየሳቀ «ጎጃም!» አላት።

«ጎጃምማ የኔ ነው። አስፋው ሰጥቶኛል። አንተ የራስህን ስጠኝ።»

እትዬ ቦሰና ማርያምን ሲጠሩ ሰማሁ። ገብረአረጋዊ መሬት መሬት እያየ ቃል በቃል ተረጎመው። ጣሊያኑ መሳቁን ተወ። ከዚያ ቀስ ብሎ የአንድ መንደር ስም ተናገረ። ስሙ ረጅም ስለነበር ማናችንም ልንይዘው አልቻልንም።

ፀዳለ ተቀበለች። እዚያ መንደር ገብታ ማር በላች፣ ሐር ለበሰች፤ እሱን ደግሞ ውጭ አሳደረችው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ተጠቅልሎ የቆመውን እትዬ ቦሰና የሚተኙበትን ሰሌን አሳየችው። ጣሊያኑ ግንባሩን መታ። ጨዋታ እንደሆነ አይቻለሁ፣ ልጆቹ ይዋሉ፣ መጻሕፍት ግን እንዳላይ ብሎ አስተረጎመ። እትዬ ቦሰና እጅ ነሡ።

ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ አንድ ነገር ጠየቀ።

«አገሬን ምን ታደርጊበታለሽ ይልሻል» አላት ገብረአረጋዊ።

ፀዳለ አሰበችበት። «ወደ ቤቱ ሲሄድ እመልስለታለሁ። መቼ ነው የሚሄደው?»

ገብረአረጋዊን ሳል ያዘው። በጣሊያንኛ አጠር አድርጎ ነገረው፤ ሰውየው ባርኔጣውን ነካ አድርጎላት ወጣ። እትዬ ቦሰና አስተርጓሚውን በክንዱ ያዙት።

«ምን አልከው?»

«በደንብ ትይዝልዎታለች አልኩት።»

«መቼ ነው የሚሄደው ያለችውንስ?»

«እሷን ለራሴ አስቀረኋት፣ እትዬ» አለና ጌታውን ለመድረስ ተጣደፈ።