ጎሚኒ የረሳ ይመለሳል

ሚስራ ሻንጣሽን አዘጋጂ ከተባለች ሦስት ቀን አልፏታል፤ ሻንጣው ግን አልጋ ሥር አቧራውን ለብሶ እንደተኛ ነው።

በዓረብ አገር፣ ዛኸር በሚባል ቦታ ባለው የባባ እርሻ ላይ ለሠራተኞች ስታበስል ስድስት ዓመቷ ነው። አሁን ባባ፣ በስሙ ያስመጣት አሠሪዋ፣ ካፊሏ ማለት ነው፣ ግመሎቹን ለወንድሙ ሰጥቶ እርሻውን ሊዘጋ ቆርጧል። ጦሱ የመጣው ከአሮጊቷ ትራክተር ነው። የግመሎቹን ሣር የሚከትፈው መሣሪያ ጉልበት የሚያገኘው ከትራክተሯ ጀርባ ከሚወጣው ዘንግ ሲሆን፣ ዘንጉን ከሞተሩ የሚያገናኘው ፍሪሲዮን በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቃጠለ። የሰናዒያው፣ የጋራዦቹ ሰፈር፣ መካኒክ ሁለቴ የፍሪሲዮኑን ሸራ ቀየረ፤ በሦስተኛው እጁን አራግፎ ኸላስ፣ ለቁርጥራጭ ብረት ሽጧት አለ። ዓርብ የጭነት መኪና ይመጣል። ሚስራም በዚያው ቀን አቡዳቢ፣ የባባ ሴት ልጅ የሆነችው ማዳም ቤት ትገባለች።

ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም። ቤቷ ግን አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱም አይከፈትም። ሚስራ እዚያ አንድ ረመዳን ከርማ ስትመለስ፣ እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ የምሰቀል ልብስ አይደለሁም ብላ ነበር። ደጋግማ ስለምትለው የእርሻው ሰው ሁሉ በቃሉ ይዞታል።

እናም ማክሰኞ ጠዋት ቁርሱን አንዋር ፊት አስቀምጣ፣ ትራክተሯን እንፍታት አለችው። አንዋር የከሚሴ ሰው፣ የትራክተሯ ሾፌር ነው። መሪ ከጨበጠ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ይህንንም ሰው ጠየቀውም አልጠየቀውም ይናገራል።

"እታለሜ፣ አንቺ ማማሰያሽን ያዢ" አላት።

"ማማሰያዬን እንደያዝኩ ነው የምነግርህ። ያ መካኒክ ጎሚኒ ቀይሯል?"

አንዋር ሸራ እንጂ ሌላ ነገር ሲቀየር አላየም።

ሚስራ ማማሰያ ከመያዟ በፊት አሰላ አጠገብ በአንድ የገበሬዎች ዩኒየን የመለዋወጫ ዕቃ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ብሎን ፈትታ አታውቅም፤ ከመስኮቷ ጀርባ ሆና ግን የመካኒክ ውሸት ሁሉ አልፎባታል። ሸራ ብቻ የወሰደ ሁሉ በወሩ ሌላ ሸራ ሊለምን ይመጣል። ጋሽ ክፍሌ የሚባሉ ሽማግሌ ግን ሸራውን ከነጎሚኒው ይወስዱና በዚያው ይጠፋሉ። ሸራዎቹን አጣብቆ የሚይዛቸው የዘይት ግፊት ነው፤ ግፊቱን የምታቅበው ደግሞ ያቺ ጎሚኒ የምትባል ቀጭን የላስቲክ ቀለበት ናት። እሷ ከደረቀች ዘይቱ ያመልጣል፤ ሸራው ይንሸራተትና ይቃጠላል። ጎሚኒ የረሳ ይመለሳል ይሉ ነበር ጋሽ ክፍሌ።

አንዋር ሳቀ። ስቆ ሲያበቃ ግን ክሪኩን ይዞ መጣ፤ ትራክተሯ ከተሸጠች እሱም አገሩ ተሸኚ ነውና።

ዘይቷን አፍስሰው፣ የኋላ ሆዷን ከፍተው ፍሪሲዮኑን አወጡት። ሸራዎቹ ከሰል መስለዋል። በመሃላቸው የሚገቡት የብረት ሳህኖች መጣመም አለመጣመማቸው የሚታወቀው ልሙጥ ነገር ላይ ሲቀመጡ ስለሆነ፣ ሚስራ ከእንግዳ መቀበያው የባባን የመጅሊስ መስታወት ጠረጴዛ ተሸክማ ወጣች። አንዋር ዓይኑን ጨፈነ። ከሳህኖቹ ሁለቱ መስታወቱ ላይ ተወዛወዙ፤ ተጣመዋል ማለት ነው። ጎሚኒውስ? በጥፍሯ ነካ ስታደርገው እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰበረ።

አንዋር ዕቃ ሊገዛ ሰናዒያ ሄደ። ሸራና ሳህን ይዞ ተመለሰ፤ ጎሚኒ የለም። ሻጩ አያስፈልግህም ብሎት ነው።

"ሻጩ ነው ለግመሎቹ ሣር የሚከትፈው?" አለችው። "ሂድ ተመለስ። ምሳህ ጎሚኒው ሲመጣ ይወጣል።"

ለምሳ ሲል ሄደ። እሷ እስከዚያው አዲሶቹን ሸራዎች በሩዝ ድስት ውስጥ በትራክተር ዘይት እንደ ሽምብራ ዘፈዘፈቻቸው፤ ደረቁን የተገጠመ ሸራ ገና በመጀመሪያው ቀን እንደሚቃጠልም ከዚያችው መስኮት ነው የተማረችው። ጎሚኒው መጣ፤ ሐሙስ ከሰዓት ገጠሙት። የትራክተሯን ሆድ ሳይዘጉ አንዋር በዘይቱ መግቢያ በኩል በጎማ መንፊያው አየር ሰደደበት፤ ሚስራ ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች። ሸራዎቹ ጥርቅም አሉ። የሚያፏጭ ነገር የለም፤ ጎሚኒው ይዟል።

ዓርብ ባባ ከጭነት መኪናው ጋር መጣ። በትራክተሯ ዙሪያ የፈሰሰውን ዘይት አየና ማን ነው የፈታት አለ። አንዋር መሬት መሬት አየ።

"እኔ ነኝ" አለች ሚስራ። "ያ ክምር ሣር ተከትፎ እስኪያልቅ መኪናው ይቁም። ትራክተሯ መሃል ላይ ከቆመች፣ እሷንም እኔንም ጫን።"

ባባን ማንም እንዲህ አናግሮት አያውቅም። አንዋር ሞተሩን አስነሳ። ባባ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ወፍራም ወፍራሙን ነዶ እየመረጠ በገዛ እጁ መክተፊያው አፍ ውስጥ ይጠቀጥቅ ጀመር፤ እንድትቆምለት ነው። አልቆመችም። ክምሩ ሲያልቅ የኋላ ሆዷን በመዳፉ ነካው። ሞቅ ብሏል እንጂ አያቃጥልም።

"እስከ ረመዳን ትቆይ" አለ።

"ረመዳንም ይመጣል፣ እኛም እዚሁ ነን" አለች ሚስራ።

ባባ ሊያርፍ ወደ ቤት ገባ፤ ወዲያው የመጅሊሱ ጠረጴዛ የት ሄደ የሚል ጩኸቱ ተሰማ። የጭነት መኪናው ሾፌር ባዶዬን አልሄድም ብሎ ሲነጫነጭ፣ ሚስራ የተቃጠሉትን ሸራዎች በጆንያ ጎትታ አምጥታ መኪናው ላይ ወረወረችለት።

"ለማዳም ሰላም በልልኝ" አለችው።

ሰውየው ማዳምን አያውቃትም።