የማን ክረምት?

«ክረምት» ሲባል ምን ይታያችኋል? በሐቅ መልሱልኝ። ጭቃ አይደለም? የቆርቆሮ ጣሪያ ጩኸት፣ ተሰጥቶ ተሰጥቶ አልደርቅ ያለ ካልሲ፣ ግድግዳ ላይ እንደ ካርታ የሚሰፋ እርጥበት አይደለም? ከእናንተ መካከል ቃሉን ሰምቶ ጥርት ያለ ሰማይና ደረቅ አሸዋ የሚታየው ሰው ካለ፣ እሱ በአስጎብኚ ድርጅት ተቀጥሮ ጽሑፍ የሚተረጉም ሰው መሆን አለበት። ከእሱ ጋር ደግሞ ጠብ አለኝ።

ጠቡ የተነሣው በእታለም ጉልበት ነው። እታለም ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ያሳደገችኝም በስፌት ነው። የእኔን የትምህርት ቤት ሱሪ ከማሳጠር አንሥቶ የሰፈሩን ግማሽ ሙሽሮች እስከማልበስ ድረስ ዕድሜዋን የፈጀችው በአንዲት የእግር የስፌት መኪና ላይ ነው። መኪናዋ የምትሄደው በመርገጫ ነው፤ መርገጫ የሚረገጠው ደግሞ በጉልበት ነው። ክረምት ሲገባ የእታለም ጉልበት እንደ ቦካ ሊጥ ያብጣል። አንድ ጊዜ ረግጣ ሁለት ጊዜ «ወይ አበሳዬ» ትላለች።

የሥራ ክፍሏ ፎቅ ላይ ነው። ከባለቤቷ ጋር ለሁለት ተካፍለውታል፤ በመስኮቱ በኩል ጨርቅ፣ በበሩ በኩል ሆዱ የተከፈተ ሬዲዮ። ባለቤቷን ጋሼ እንላቸዋለን፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ናቸው። ቃል ቆጣቢ ናቸው፤ አንዲት ቃል ካወጡም መርፌ ናት። እታለም በበጋ የፎቁን ደረጃ እያንጎራጎረች ትወጣዋለች። በክረምት ግን የምትወርደው ፊቷን ወደ ደረጃው አዙራ፣ እንደ መሰላል፣ የኋሊት ነው። መጀመሪያ ሰሞን እኔም እስቅ ነበር፣ እሷም ትስቅ ነበር። በኋላ እሷ መሳቋን ተወች፤ እኔም ተውኩ።

ሐኪሙ «እርጥበቱ ነው የሚጎዳሽ፤ ደረቅ አየር ብታገኚ ይሻልሻል» አላት።

«በየትኛው መድኃኒት ቤት ይሸጣል?» አለችው።

አምና ልጆቿ ተማከሩና «እማዬ፣ ከዚያ መኪና ተነሥተሽ አታውቂም፤ ከአባባ ጋር አንድ ቦታ ሂዱና አርፉ። ወዴት ትፈልጊያለሽ?» አሏት።

«ዝናብ ወደሌለበት።»

«ባሕር ዳርቻ ይሁን?»

«ባሕርም ውኃ ነው። እኔ ደረቅ ነው ያልኩት።»

ስለዚህ የአሸዋው አገር ተመረጠ። ጋሼ ከአስጎብኚ ድርጅቱ በራሪ ወረቀት ይዘው መጡ። ወረቀቱ ላይ ግመል አለ፣ አሸዋ አለ፣ ከዳር እስከ ዳር ፀሐይ አለ። ከሥሩ በደማቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «ይህን አገር ለመጎብኘት ምርጡ ወቅት ክረምት ነው።»

እታለም ወረቀቱን ከመስተዋቷ ጎን በስፒል ሰካችው። «አየህ? እኔን አይተው ነው የጻፉት» አለችኝ። «እዚህ ዝናቡ ሲጀምር እዚያ ምርጥ ይሆናል። ለጉልበቴ ተብሎ የወጣ ወቅት ነው።»

ጉዞው ለሐምሌ ተቆረጠ። የዝናቡን ወራት ሥራ ግንቦት ላይ ሰፍታ ጨረሰች፤ ለራሷም ስስ የጥጥ ቀሚስ ሰፋች። ያንን ቀሚስ ለብሳ መስተዋቱ ፊት ስትዞር አየኋት። ለሌላ ሰው ያልሆነ ልብስ ስትለካ ሳያት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር።

እኔ ጋዜጣ ላይ የምጽፍ ሰው ነኝ። ሙያዬ ሌላው አንብቦ ያለፈውን አንብቦ አለማለፍ ነው። እሷ ቀሚሷን እስክትቀይር በራሪ ወረቀቱን ከስፒሉ ነቅዬ ማገላበጥ ያዝኩ። በጀርባው ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ፎቶ አለች። ጎብኚዎች አሸዋ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ወፍራም ሹራብ ለብሰዋል፣ አንዷማ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላለች።

«ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች በሐምሌ፣ በበረሃ፣ ሹራብ የለበሱት ምን ሆነው ነው?»

ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠጉ፣ አዩ። «ወባ» አሉ።

ወባ አልነበረም። ነገሩ የገባኝ ወደ ቤቴ ስሄድ መንገድ ላይ ነው፤ ሲገባኝም ቆሜ ቀረሁ። በረዶ የሚዘንብበት ሕዝብ ለራሱ የብርድ ወራት ያወጣውን ስም፣ አንድ ሰነፍ ተርጓሚ አንሥቶ በእኛ ዝናብ ላይ ለጥፎታል። የእነሱ «ክረምት» የእኛ በጋ ነው፤ ታኅሣሥና ጥር። የእኛ ክረምት፣ ሐምሌ፣ በዚያ አገር ክዳኑ የተከፈተ ምድጃ ነው፤ አቅም ያለው የአገሩ ሰው ራሱ ጥሎት የሚወጣበት ወር። እህቴ ቀሚስ ሰፍታ የምትሄደው ወደዚያ ነው።

በማግስቱ ድርጅቱ ቢሮ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ ወጣት፣ ጨዋ፣ ከረባቱ ሳይቀር ፈገግ ያለ የሚመስል ሰው ነው።

«ጌታዬ፣ ክረምት ማለት ቀዝቃዛው ወቅት ማለት ነው» አለኝ።

«በማን አገር?»

«በመዝገበ ቃላት።»

«መዝገበ ቃላት ጉልበት የለውም። እህቴ አላት።»

«ማዘዋወር ከፈለጉ ያለ ምንም ችግር ወደ ጥር እናዘዋውርላቸዋለን።»

«ወረቀቱስ?»

«ወረቀቱ ታትሟል።»

«የታተመ ውሸት ነዋ።»

«ውሸት አይደለም ጌታዬ፤ ትርጉም ነው።»

ይህንንም ያለኝ ወንበር እየሳበልኝ ነው። ተቆጥቶ የመጣን ሰው በትሕትና መደብደብ የት የሚማሩት ሙያ እንደሆነ አላውቅም። ለማንኛውም ጥርን አስያዝኩና እንደ ድል አድራጊ ወደ እህቴ ገሠገሥኩ።

«እታለም፣ ተርፈሻል። ወደ ጥር አዘዋውሬልሻለሁ።»

መኪናዋን አቆመች። ከንፈሯ ላይ ስፒሎች ነበሩ፤ ስፒል በአፏ ካለ አትናገርም። እኔም ዕድሉን ተጠቅሜ ሁሉንም አስረዳኋት፤ ክረምቱ ክረምት አለመሆኑን፣ ሹራቡን፣ ምድጃውን፣ የተርጓሚውን ስንፍና። ያሳመንኳት መስሎኝ ነበር። ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥታ ክንዷ ላይ ባሰረችው ትንሽ ትራስ ላይ ሰካቻቸው።

«ጥር ላይ እዚህ ፀሐይ አለ ወይስ የለም?»

«አለ።»

«ጉልበቴን ያመኛል?»

«አያምሽም።»

«ታዲያ ከፀሐይ ተነሥቼ ወደ ፀሐይ የምሄደው ምን አቅብጦኝ ነው? ሐምሌን እዚሁ የኋሊት ስወርድ ከርሜ፣ ከዳንኩ በኋላ ልታከም?»

«ሙቀቱ ሰው ይገድላል እኮ።»

«እነዚያን ሹራብ የለበሱትን ይግደል። እነሱ የሚሸሹት በረዶ ነው፤ ወሩንም ለራሳቸው መርጠዋል፣ ይመቻቸው። እኔ የምሸሸው ዝናብ ነው። ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል፤ ወረቀቱ ክረምት ብሏል፣ እኔም በክረምት እሄዳለሁ። ተሳስቶም ከሆነ ለእኔ ብሎ ነው የተሳሳተው።»

«ጋሼ፣ እባክዎ አንድ ነገር ይበሏት።»

ጋሼ ዓይናቸውን ከሬዲዮው ሆድ ሳያነሡ «እኔ የተጋባሁት ከእሷ ጋር ነው፤ ከቴርሞሜትር ጋር አይደለም» አሉ።

ቀኑ ወደ ሐምሌ ተመለሰ። ሄዱ።

ንዴቴ የሚያርፍበት ሲያጣ ወረቀት ላይ አረፈ። «ሰውን ወደ ምድጃ የሚልክ ቃል» ብዬ ጻፍኩ። ክረምት የቱ እንደሆነ የማያውቅ ድርጅት የወቅት መካሪ ሊሆን አይገባውም አልኩ። በእነዚህ ወራት ሰውን ወደዚያ አገር የሚልክ በነፍስ ይነግዳል አልኩ። ጽሑፉ ተነበበ፤ አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ደውለው «ልክ ልካቸውን ነገርክልን» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ?

ከዚያ አገር ስልክ ሲደወል ግን የሰማሁት የጋሼን የታፈነ ድምፅ ነበር።

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«ጉንፋን።»

«በበረሃ?»

«ክፍሉ ውስጥ ማቀዝቀዣ አለ። እሱ ሥር ተኛሁ።»

«እታለምስ?»

«ውጭ ናት። ጠዋት ጠዋት አሸዋው ላይ ትራመዳለች። ቀን ጥላ ሥር ተቀምጣ እግሯን ብቻ ወደ ፀሐይ ትዘረጋለች። ጉልበቷን እንደ ማገዶ እያደረቀችው ነው።» አስነጠሱና ዘጉት።

ሲመለሱ ጃንጥላ ይዤ ተቀበልኳቸው፤ ዝናቡ ይወርዳል። ቤት ስንደርስ እንደ ልማዴ ደረጃው ሥር እጄን ዘረጋሁላት። አልፋኝ ወጣች። ሻንጣዋን ራሷ ይዛ፣ ሳትደገፍ፣ እንደ በጋዋ። ከላይ ሆና ቁልቁል አየችኝና «ና እንጂ፣ ምን ገተረህ? ጉልበት የለህም?» አለችኝ። ጋሼ ከኋላዬ «ምራቋን ዋጥ እስክታደርግ ጠብቅ፤ ገና ብዙ ትሰማለህ» አሉ።

ብዙ ሰማሁ። ሆቴሉ ባዶ ነበር አሉ፤ አገሩ ሁሉ የእሷ ብቻ። አልጋ የምታነጥፈው ሴትዮ በምልክትም በቃልም እየታገዘች «በዚህ ወር ማን ሰው ይመጣል?» ብትላት፣ እታለም «ጉልበት ያመመው» ብላ ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ አሳየቻት። ሴትዮዋም የራሷን ገልጣ አሳየቻት፤ ከዚያ በኋላ እየመጣች ጥላ ሥር አብራት ትቀመጥ ነበር። «ቀትር ላይ መውጣት እብደት ነው፤ እሱን በትክክል ብለሃል» አለችኝ፤ ይህም ከእታለም አፍ የወጣ ትልቅ ምስጋና ነው። የቀረውን ክረምት መርገጫው አላቋረጠም። ከታች መንገድ ላይ ሳልፍ በዝናቡ መካከል የመኪናዋን ድምፅ እሰማ ነበር፤ ወደላይ ሳልወጣ እዚያው ቆሜ የማዳምጥበትም ቀን ነበር።

እንግዲህ ዘንድሮ። ግንቦት ሲጋመስ «ተነሥ፣ ቢሮው ድረስ ሸኘኝ» አለችኝ። ወደዚያ አገር የሚልክ ሌላ ድርጅት በከተማችን የለም። ስንገባ ሥራ አስኪያጁ ብድግ ብሎ ተቀበለን። ከጀርባው ግድግዳ ላይ፣ በመስተዋት ክፈፍ ውስጥ፣ የእኔ ጽሑፍ ተሰቅሏል።

«ጌታዬ፣ ምክርዎን ተቀብለናል» ብሎ አዲሱን ወረቀት ሰጠኝ። ክረምት የሚለው ቃል ጠፍቷል። «ምርጡ ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት» ይላል። የሚያስመሰግን እርማት ነው። ከሥሩ ግን ሌላ መስመር አለ፦ «ከሰኔ እስከ ነሐሴ ጉዞ አናዘጋጅም።»

እታለም ወረቀቱን አነበበች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ተጠግታ ክፈፉ ውስጥ ያለውንም አነበበች፤ ከላይ እስከ ታች፣ እንደ ስፌት፣ ሳትዘል።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ እዚያ እያለሁ?»

«አዎ።»

«ደውለህ እንዴት ነሽ ማለት አቅቶህ ነው?»

ሥራ አስኪያጁ ገላጋይ መሆን ፈለገ። «እናቴ፣ የደንበኞቻችን ደኅንነት ይቀድማል።»

«ልጄ፣ ደንበኛዋ እኮ እኔ ነኝ። ሄጄ ተመልሻለሁ፤ ይኸው ቆሜያለሁ።»

«ጥር ላይ በደስታ እንልክዎታለን።»

«ጥር ላይ ጤነኛ ነኝ።»

ፈገግ አለ። ከረባቱም ፈገግ አለ። ያን ጊዜ ስለ አምናው ወረቀት ከጮኽኩት የበለጠ ጮኽኩበት፤ እሱም ጣቱን ወደ ግድግዳው ዘርግቶ የራሴን ዐረፍተ ነገር አነበበልኝ፦ «በእነዚህ ወራት ሰውን ወደዚያ አገር የሚልክ በነፍስ ይነግዳል።» በራሴ ዱላ ራሴን ሲመታኝ፣ አነባበቡ እንኳ ጥሩ ነበር።

ስንወጣ ካፊያ ጀምሯል። ትቆጣኛለች ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስሄድ ክንዴን ያዘችኝ፤ ልትደግፈኝ ይሁን ልትደገፈኝ አልለየሁም። «አይዞህ» አለችኝ። «ለእኔ ብለህ ነው የጻፍከው፤ አውቃለሁ። አሁን ደግሞ ለእኔ ብለህ አስመልሰው።» ትንሽ ሄደችና ቆመች፤ መዳፏን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። «ክረምቱ መምጣቱ ነው» አለች።

ስለዚህ ለሥራ አስኪያጁ ነው የምጽፈው፤ ሌላው ሰው ምስክር ይሁነኝ። አምና ካልኩት አንድ ቃል አልሽርም፤ ቃላችሁ ስህተት ነበር፣ ሙቀቱም ሙቀት ነው። እኔ ወረቀታችሁን አርሙ አልኩ እንጂ ለእህቴ በሩን ዝጉባት አላልኩም። በዚያ ግድግዳ ላይ ያንጠለጠላችሁት ጽሑፍ የእኔ ነው፤ ጉልበቱ ግን የእሷ ነው፤ ስለ ጉልበቷም ከእሷ በላይ የሚያውቅ እኔም አይደለሁም፣ አንተም አይደለህም። ምርጥ ወቅት ስትሉ በረዶ ለሚሸሽ ብቻ ከሆነ፣ ዝናብ የሚሸሽ ሰው ከደንበኞቻችሁ እንደማይቆጠር በግልጽ ንገሩን። ቢሮ ጠርተህ ወንበር አትሳብልኝ። እዚሁ ጋዜጣ ላይ፣ ስምህን ከሥሩ ጽፈህ፣ እሷም ሆነች ያነበበ ሁሉ በሚገባው ቃል መልስ፦ እህቴን በሐምሌ ትልካታለህ ወይስ አትልካትም?