የፀሐይ ፍንዳታ በቀበና ቀበሌ አዳራሽ

በ1978 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ገመዳ ለትምህርት ወደ ሌኒንግራድ ለመሄድ የቀረው የቀበሌው ድጋፍ ብቻ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ፈቅዷል፣ ሶቪየቶቹም ተቀብለውታል። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ዘነበ ግን፣ «ትምህርቱ ለሰፊው ሕዝብ ምን እንደሚጠቅም በእሁዱ የውይይት ክበብ ያስረዳ» አሉ። የሚማረው ደግሞ የፀሐይ ፍንዳታ ከምን ከምን እንደተሠራ በጋማ ጨረር መለየትን ነው። እስቲ ይህን ለሰፊው ሕዝብ አስረዱ!

ሚስቱ ሣራ መከረችው። «እባክህ ገሜ፣ ፈረንጅኛውን አብዛበትና ቶሎ ውረድ። ካልገባቸው ያሳልፉሃል።»

«ነውር ነው» አለ። መምህር ነዋ፤ አንጀቱ እንዴት ይቻለው!

እሁድ ጠዋት እንጦጦ ማርያምን ሊሳለም ያሰበው ሁሉ ቀርቶ አዳራሹ ጢም አለ። ከስብሰባ የቀረ ከኅብረት ሱቁ ስኳር አያገኝም። ገመዳ ጠርሙስ፣ ጣሳና ጣውላ ደረደረና «ዓይናችሁን ጨፍኑ» አለ። ሕዝቡ በደስታ ጨፈነ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በስብሰባ ዓይን መጨፈን የሚያስገመግም ጥፋት ነበር። ዕቃዎቹን በማንኪያ አንድ በአንድ መታቸው።

«ጠርሙስ! ጣሳ! ጣውላ!» አሉ፤ አንዱንም አልሳቱ።

«ፀሐይም ስትፈነዳ እንዲሁ ነው» አለ። «ጥቃቅን ነገሮች በኃይል ተወርውረው ያገኙትን ይመታሉ። የተመታው ካርቦን ይሁን ኦክስጅን፣ ኒዮን ይሁን ብረት፣ በዓይን የማይታይ የየራሱን ብርሃን ይለቃል፤ ጋማ ጨረር ማለት እሱ ነው። ሳተላይት ያን ይለቅምና እዚያ የትኛው እንደበዛ እናውቃለን። ኒዮኑማ ከተገመተው በላይ ሆኖ ተገኘ!»

«ሲመታ ማንነቱን ያወጣል በሉኛ» አሉ ጓድ ዘነበ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ይህችን ዘዴ እሳቸው ከፀሐይም በፊት ያውቋታል።

«በመሠረተ ትምህርት ሁለቴ የወደቅሁት ሴትዮ ገባኝ እኮ ልጄ!» አሉ ጎረቤቱ ወይዘሮ አስካለች። ገመዳ ደስታው ወሰን አጣ። በሐሳቡ አውሮፕላን ላይ ተሳፍሯል።

ጓድ ዘነበ ተነሡ። «ጓዶች፣ በዚህ አዳራሽ ማንም ያልተኛበት ስብሰባ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሶቪየት ወዳጃችን ናት፤ ሊቃውንት ሞልተዋታል። እኛ ግን ያለን አንድ ገመዳ ነው፤ አንለቀውም! ከዛሬ ጀምሮ የውይይት ክበቡ ቋሚ አስረጂ እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ። የሚቃወም?»

የሚቃወም አልነበረም፤ ኖሮም አያውቅ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፣ ወይዘሮ አስካለች ከልባቸው እልል አሉ። ሣራ አንገቷን ደፋች። ገመዳ ጠርሙሱንና ጣሳውን መሰብሰብ ጀመረ። ጓድ ዘነበ ግን ትክ ብለው እያዩት ነበር፤ እሱም አጨበጨበ።