ጠርዛቸው ያበጠ ሳንቲሞች

«እስቲ ይቺን ደግሞ ይዩልኝ፣ ጋሼ» አለ የሟች ወንድም፣ ሳንቲም የሞላበትን የብስኩት ቆርቆሮ ወደ ሽማግሌው እያስጠጋ። ለቀስተኛው የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ አንገቱን አሰገገ።

ሽማግሌው የሟች የልብ ወዳጅ ነው። አጉሊ መነጽሩ ከአንገቱ ስለማይወርድ «አጉሊው» ይሉታል።

«ፋብሪካው ተሳስቶ የቀረጻቸው ናቸው» አለ ወንድምየው ለሰዉ። «አንዷ ብቻ ቤት ትገዛለች።»

«ባለስንት ክፍል?» አለች ጎረቤት።

ጥግ፣ መስኮቱ ሥር የተቀመጠችው የሟች ሚስት ቆርቆሮውን አየች። ሳንቲሞቹ ከየት እንደመጡ እሷ ታውቃለች። የምትሠራው ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። በእንግዶች ኪስ የተረሳ ሳንቲም ማድረቂያ ማሽኑ ውስጥ ይሰነቀርና ወራት ሙሉ ሲሽከረከር፣ ሲቀጠቀጥ ይከርማል፤ መካኒኩ ማሽኑን ሲፈታ አንሶ፣ ጠርዙ አብጦ ይወድቃል።

ባሏ ጡረታ የወጣ ሰሞን ከግድግዳ ጋር ተፋጦ ይውል ነበር። አንድ ቀን «ሱቅ መልስ ሰጡኝ» ብላ አንዱን አመጣችለት። ወደ መብራቱ አስጠግቶ ሲያገላብጠው እራቱ ቀዘቀዘ።

«አንቺ፣ ይሄ እኮ ብርቅ ነው» አለ።

ከዚያ ወዲህ መካኒኩን እየለመነች ስታመጣለት ኖረች። አሁን አጉሊው እውነቱን ሊያፈርጠው ነው። አፈሩ ሳይደርቅ ባሏ የሰፈር መሳቂያ ሊሆን ነው።

«የፋብሪካ ስህተት ሲሆን ብረቱ ሲወለድ ነው የሚበላሸው» አለ አጉሊው። «በኋላ የተቀጠቀጠ ግን…» ቀና ሲል ዓይኗን አየ። «እዚህ ጨለማ ነው» ብሎ ተነሣና መስኮቱ አጠገብ፣ በቀኟ በኩል ተቀመጠ።

«ማድረቂያ ነው አይደል?» አለ በሹክሹክታ።

«በሞቴ፣ ሰው ፊት አይናገሩበት።»

«እሱ ራሱ እኮ ነው የነገረኝ። ገና የመጀመሪያዋን እንዳየ ገብቶታል።»

«ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ቆርቆሮውን ተሸክሞ እርስዎ ጋ የሚመጣውስ?»

«ካርታ ልንጫወት ነዋ። ‹አዲስ ይዛ ስትመጣ ፊቷን ብታየው፤ እንዳታሳጣኝ› አለኝ።»

ሻርፗን ነከሰች። አልሆነም፤ ሳቁ ፈንቅሏት ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ፊቷን ሸፈነች።

«አትያዟት፣ ይውጣላት» አለች ጎረቤት።

«ዋጋውን ሰምታ ነው» አለ ወንድምየው።

ሚስት በሻርፗ ውስጥ እየሳቀች፣ እንባዋ እየወረደ፣ ባሏ ሲያታልላት እንደምታደርገው ጎኑን ልትጎሽመው ክርኗን እሱ ይቀመጥበት ወደነበረው ወደ ግራዋ ሰነዘረች። ያገኘችው ትራስ ነው። ክርኗን መልሳ አላነሣችውም።