ሰባተኛው ጥያቄ

እስቲ ልናገረውና ይውጣልኝ። ሃያ ስድስት ዓመት መጽሐፍ ቅዱስ አስተምሬያለሁ። በኩን ቶንግ ሰፈር ቀይ እስክሪብቶዬን ሳይፈራ ያደገ ልጅ የለም ብል ጉራ አይደለም። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ አሣ ልገዛ ገበያ ስወርድ የድሮ ተማሪዎቼ ያገኙኝና፣ «ቲቸር ሎክ! አሁንም ሰው ያርማሉ?» ይሉኛል። እነሱ ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን ትዝ የምትለኝ ያን ቱንግ ናት።

ትምህርት ቤታችን የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ወንዱም ሴቱም አብሮ ይማርበታል። ጠዋት በሰልፍ ቆመን እንጸልያለን፣ አንድ መዝሙር እንዘምራለን፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ፈተና ነው። ከአስር ልጆች የስምንቱ ቤት በር ሥር የአማልክት መደርደሪያ ከነቀይ መብራቱ አለ። ወላጆቹ ወደ እኛ የሚልኩት ለጌታ ብለው እንዳይመስላችሁ፤ «እዚያ ልጅ አይባልግም» ብለው ነው። እኛም እናውቃለን፣ እነሱም ማወቃችንን ያውቃሉ፣ ሁሉም ዝም ብሎ ይኖራል።

እኔ የራሴ አሠራር ነበረኝ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሞዴል መልስ አዘጋጅቼ፣ አባዝቼ አድላለሁ። ልጆቹ ይሸመድዳሉ፤ ፈተና ላይ ቃል በቃል ይጽፋሉ። የሳተ ሰው እርማት ይሠራል፤ ሞዴል መልሱን አስር ጊዜ ገልብጦ፣ ከሥሩ ወላጅ አስፈርሞ ያስረክበኛል። ከመምህራኑ ሁሉ የእኔ ክፍል ውጤት የሚበልጠው በዚህ ነበር፤ ዳይሬክተራችን አቶ ዪፕም በየስብሰባው ስሜን ያነሳ ነበር። እኔም አንገቴን ደፍቼ ውስጥ ውስጡን እኮራለሁ።

ሙይ ያን ቱንግ ያኔ አስረኛ ክፍል ናት፣ አስራ ስድስት ዓመቷ። እናቷ ገና በሕፃንነቷ ሞታለች። ወንድም የላት፣ እህት የላት፤ ያላት አባቷ ብቻ። ቀርከሃ እያሰረ ለሕንፃ መወጣጫ የሚሠራ ሰው ነው፤ ጣቶቹ ከማሰሩ ብዛት ተጣመው አይዘረጉም። በወላጆች ቀን በሥራ ጫማው መጣ። ወንበር ስሰጠው አልቀመጥ አለ። አንድ ከረጢት መንደሪን በሁለት እጁ ይዞ፣

«ቲቸር፣ እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ስለ ትምህርት የማውቀው ነገር የለም» አለኝ። «ይቺን ልጅ ለእርስዎ ሰጥቻለሁ። ቲቸር ካሉ፣ አሉ ነው። ቤትም የምነግራት ይኼንኑ ነው።»

«አባዬ፣ በቃ እንጂ!» አለች ያን ቱንግ ፊቷ ቀልቶ።

ደስ አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ሳስበው ዛሬ ያመኛል።

ጥያቄው ይኼ ነበር፤ በወረቀቱ ላይ ሰባተኛ። «አማኝ የሆነ ልጅ፣ በማያምን ወላጁ ቀብር ላይ ሰንደቅ ተሸክሞ ውሃ ማንሳት ይችላል ወይ?» መልሱ «አይችልም» ነው፣ ከሦስት ምክንያት ጋር። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት የመጀመሪያ ልጁ የወረቀት ሰንደቅ ይዞ ከፊት ይቆማል፤ ከዚያ በጎድጓዳ ሳህን ውሃ ያነሳና የሟቹን ፊት ያብሳል። ነፍሱ መንገዷን የምታገኘው በዚያ ነው ይባላል፤ ቤተ ክርስቲያናችን ግን ባዕድ አምልኮ ትለዋለች። ወንድ ልጅ ከሌለ ሴቷ ትይዛለች። ሰፈር ውስጥ ሁለት ሰው ሲጣላ የመጨረሻው እርግማን «ሰንደቅህን የሚይዝ አይኑርህ!» ነው። ከዚህ የከፋ ስድብ የለንም።

የዚያን ቀን ሆይ ሎንግ የሚባል፣ የክፍሉ ቀልደኛ፣ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ይኼ ፈተና ላይ ይመጣል?»

«ይመጣል።»

«በቃ! አባቴ ይዘጋጅ፣ እኔ መልሱን ይዣለሁ!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሆይ ሎንግን ከበር ውጭ አቆምኩት። ሳቁ ሲበርድ ያን ቱንግ እጇን አነሳች፤ እሷ አልሳቀችም ነበር።

«ቲቸር፣ ሟቹ ሌላ ሰው ባይኖረውስ?»

«እንዴት ማለት?»

«አንድ ልጅ ብቻ ቢኖረው። እሷ ካልያዘችለት የሚይዝለት ባይኖር።»

«መልሱ ያው ነው» አልኳት። «ሦስቱን ምክንያቶች ያዢ።»

አባቷ የጉበት ካንሰር ይዞት ሆስፒታል ከገባ ያኔ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። አውቃለሁ። የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ነግራኛለች፤ በጠዋቱ ጸሎት ላይም ስሙ ተጠርቷል። አላወቅኩም ብል እፎይ ባልኩ ነበር። አውቄ ነው ያደረግኩት።

ፈተናው በሚቀጥለው ሳምንት መጣ። አርባ ወረቀት ሳርም ሠላሳ ዘጠኙ ሰባተኛውን ቃል በቃል ጽፈውታል፤ ሆይ ሎንግ እንኳን ነጠላ ሰረዝ አልሳተም። ያን ቱንግ ግን እንዲህ ብላ ነበር፦ «አባቴ ያለው አንድ ልጅ ነው። ሰንደቁን እይዝለታለሁ። እጄ ሰንደቁን ሲይዝ ልቤ ጌታን ይይዛል። ጌታም አባት ስላለው ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።»

እስክሪብቶውን አስቀምጬ ተነስቼ ሻይ ጠጣሁ። ተመልሼ መጣሁና ከአስር ዜሮ ሰጠኋት። «እርማት፣ አስር ጊዜ፣ በወላጅ ፊርማ» ብዬ በቀይ ጻፍኩ። ለእሷ ብዬ ደንቤን ብሰብር ሠላሳ ዘጠኙ ምን ይሉኛል ብዬ ነዋ! የሠላሳ ዘጠኝ ልጅ ሐሜት ፈርቼ የአንዷን አንጀት በጠስኩ።

ከአስር ቀን በኋላ አባቷ ሞተ።

በሦስተኛው ቀን አጎቷ፣ የአባቷ ታላቅ ወንድም፣ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ጠና ያለ፣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። መምህራን ክፍል በር ላይ ቆሞ ቆቡን እያሻሸ፣

«ቲቸር፣ እባክዎ አንድ ቃል ይንገሩልኝ» አለ። «ልጅቷ አልይዝም ብላለች። ለመንናት፣ ተቆጣናት፣ አክስቷ እግሯ ላይ ወደቀች። ‹አይፈቀድም› ብቻ ነው መልሷ። በጉርምስና እልህ ይዟት ቢሆን እኔ አውቅበታለሁ። አልቅሳም አይወጣላትም፣ ቁጭ ብላ ትንቀጠቀጣለች።»

«እርስዎ ቢይዙለትስ?»

«ታላቅ ለታናሽ? እንዴት ይሆናል ቲቸር! ታላቅ ለታናሹ ተንበርክኮ ያውቃል?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወንድሜ በዕድሜው ከማንም ምንም ጠይቆ አያውቅም። ሲታመም አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ፣ ‹ልጄ ሰንደቄን ትያዝልኝ›። እርስዎ ካሏት ትይዛለች። የሌላ ሰው አትሰማም።»

እሺ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያኔ አቶ ዪፕ ከኋላዬ መጣና ነገሩን ሰማ። ፊቱ በራ። «እንዴት ያለ እምነት ነው!» አለ። «ይቺ ልጅ ለትምህርት ቤቱ ሁሉ ምስክር ናት። ቀብሩ ላይ ሄደን ከጎኗ መቆም አለብን።» እኔም ለአጎቷ፣ «ይኼ የህሊናዋ ጉዳይ ነው፣ እኔ ጣልቃ አልገባም» አልኩት። ህሊናዋን ማን በቀይ እንደጻፈላት እያወቅኩ! ሰውየው ሁለት ጊዜ እጅ ነስቶኝ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ደግሞ የባሰውን ልንገራችሁ። ከዚያ ስድስት ዓመት በፊት የገዛ እናቴ ዩን ሎንግ በሚባል ገጠር ስትሞት ሰንደቋን የያዝኩት እኔ ነኝ። ውሃውን አንስቼ ፊቷን ያበስኩት እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤቱ ማንም አልነበረም፤ ለማንም አልተናገርኩም። ግንባሯን ስዳብስ አንድም ምክንያት፣ ሦስት ቀርቶ አንድ፣ ትዝ አላለኝም። እናቴ ናታ! ጌታም እንደተረዳኝ አውቅ ነበር፤ ዛሬም አውቃለሁ።

በቀብር አዳራሹ ያን ቱንግ ነጭ የሐዘን ልብስ ለብሳ ሬሳው አጠገብ ተንበርክካለች። እኔና አቶ ዪፕ የክፍል ጓደኞቿን ይዘን ከኋላ ቆምን። ሆይ ሎንግም አለ፤ የዚያን ቀን ቀልድ አልነበረውም። ሥርዓቱን የሚመራው የአማልክቱ መነኩሴ ደወሉን መታና፣ «የሟች ልጅ፣ ሰንደቁን ተቀበይ!» አለ።

አልተነሳችም። መነኩሴው ደገመው። አክስቷ፣ «አንቺ ልጅ፣ ስለ ፈጠረሽ!» ብላ ጮኸች። ያኔ ያን ቱንግ ዘወር አለችና ያን ሁሉ ሰው አልፋ እኔን አየችኝ። እያየችኝ ጠበቀች። የምትጠብቀው ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አንገቴን አንዴ ወደ ታች ብነቀንቅላት በቃ ነበር። አንዴ!

አቶ ዪፕ ክንዴን ያዝ አድርጎ፣ «እንጸልይላት» አለኝ በሹክሹክታ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። እየጸለይኩ አልነበረም፤ ዓይኗን እየሸሸሁ ነበር። ስገልጥ ፊቷን አዙራለች።

ሰንደቁን የያዘው የአዳራሹ ሠራተኛ ነው። የጎማ ጓንት እንዳደረገ መጣና በአንድ እጁ አነሳው። የሟቹንም ፊት እሱ አበሰ፣ ጠረጴዛ እንደሚወለውል ሰው፣ አንድ ጊዜ ብቻ። አጎቷ ውጭ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ወንድሜን የማንም የሌለው አስመሰልነው» ይል ነበር ለሚያልፈው ሰው ሁሉ።

ሰኞ ያን ቱንግ ትምህርት ቤት መጣች። ከሰልፍ በኋላ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥታ አራት ገጽ በሁለት እጇ አቀረበችልኝ።

«እርማቴ ነው ቲቸር። ስለዘገየሁ ይቅርታ።»

አስር ጊዜ ተገልብጧል፤ ንጹሕ ጽሕፈት፣ አንድ ስህተት የለውም። ከሥሩ የወላጅ ፊርማ አለ። ፊርማው የተንቀጠቀጠ፣ ከመስመሩ ወርዶ የቀረ ነው። ቀኑን አየሁት፤ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው።

«አባትሽ ናቸው የፈረሙት?»

«አዎ። አልጋው ላይ።» ድምፅዋ ትምህርት እንደሚያነበንብ ልጅ ነበር። «‹የምፈርመው ምን እንደሆነ አንብቢልኝ› አለኝ። አነበብኩለት።»

«ሁሉንም?»

«ሦስቱንም ምክንያቶች። እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ‹ቲቸር ካሉ፣ አሉ ነው› አለና ፈረመ። ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚያ በኋላ አላናገረኝም።» ቀጥላም፣ «አሁን ልክ ነው ቲቸር?» አለችኝ።

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። እጇን ይዤ ስለ እናቴ መንገር ነበረብኝ። «ልክ ነው» አልኩና ቀዩን እስክሪብቶ አንስቼ ከአባቷ ፊርማ ጎን ፈረምኩ። አመስግናኝ ወደ ክፍሏ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አስተማርኳት። አንዲት ነጥብ ጎድሏት አያውቅም። ወረቀቷን ባነሳሁ ቁጥር አንዲት ከራሷ የሆነች ዓረፍተ ነገር እፈልግ ነበር፤ አንዲት ስህተት ብትሆንም። የለም። ቃል በቃል ሞዴል መልሱ ነው፣ እስከ ነጠላ ሰረዙ። በክፍል ውስጥም እጇን አላነሳችም። ምረቃ ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት አንደኛ ሆና ተሸለመች። አቶ ዪፕ መድረክ ላይ ምሳሌያችን አላት፤ አዳራሹ አጨበጨበ። አጎቷ አልመጣም። ከቤተሰቡ ማንም አልመጣም፤ ከቀብሩ በኋላ አላናገሯትም ነበር።

ሰው ሲበተን ደረጃው ላይ ጠብቄ ያዝኳት። ሁለት ዓመት ያነቀኝን አወጣሁት።

«ያን ቱንግ፣ እናቴ ስትሞት ሰንደቋን ይዣለሁ። ውሃውን አንስቼ ፊቷንም አብሻለሁ። ያኔ የጻፍሽው ልክ ነበር። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። ብትሰድበኝ፣ ብትጮህብኝ፣ ሽልማቱን ፊቴ ላይ ብትወረውረው እግሯ ላይ ለመውደቅ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን የምስክር ወረቀቷን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ለመምህር እንደሚገባው አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰማችኝ። ስጨርስ ቀና አለች።

«እሱ ሞዴል መልሱ ላይ የለም ቲቸር» አለችኝ በትሕትና። እጅ ነሳችኝና ደረጃውን ወርዳ ወደ አውቶቡሱ ሄደች።