አባቴ ዱቡሻ ላይ የተናገረው

እኔ በጎሜ አላምንም። ቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ውስጥ እዘምራለሁ፣ ሃላሌ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ዱቡሻ ላይ፣ ሽማግሌዎቹ በሚሰበሰቡበት ሜዳ፣ የዋሸ ሰው ጎሜ የሚሉት መቅሠፍት ይይዘዋል፣ አብሮት ለሚኖረውም ይተርፋል ሲሉኝ እስቅ ነበር። አሁን ሳቁ የት እንደገባ እንጃ።

ነገሩን ያመጡት ነዳጅ ፈላጊዎቹ ናቸው። ከሃላሌ ቁልቁል፣ ወደ ኦሞ በሚወርደው ቆላ፣ ጫካ ውስጥ አንድ ሆራ አለ። በበጋ ጎሽና አጋዘን ጨዋማውን ውሃ ሊጠጡ ይመጣሉ። የመንደራችን ሰው ከብቱን ወደዚያ ላይነዳ፣ ዛፍም ላይቆርጥ ተስማምቶ በየተራ ሲጠብቀው ኖሯል። የጠባቂዎቹ አለቃ አባቴ ኤርካሎ ነው። ችግሩ ሆራው ላይ የሚንሳፈፈው ቅባት ነው፤ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ፈላጊዎቹ ካገኙት ዶዘር ይገባል፣ መሬቱ በፈንጂ ይናጣል፣ ጎሾቹም ድጋሚ አይመጡም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ መከሩ፤ ማንም መንገድ አይመራም፣ ከተጠየቅንም ዝም እንላለን ተባባሉ።

የት እንደሚጠየቁ ግን ማንም አላሰበም።

የፈላጊዎቹ መሪ ይልቃል የሚባል ትሁት ሰው ነበር። ያስፈራኝም ትህትናው ነው። ሶዶ ላይ አንዱ መክሮት መሆን አለበት፣ ወደ ቢሮ አላስጠራንም። ራሱ ዱቡሻው ድረስ መጥቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

«አባቶቼ» አለ፣ «እዚህ ቦታ ውሸት እንደማይነገር ሰምቻለሁ። አውሬ የሚጠጣው፣ ላዩ ላይ ቅባት ያለበት ውሃ በዚህ ቆላ አለ ወይ?»

ዝም አሉ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆሜያለሁ። ዱቡሻ ላይ ተጠይቆ ዝም ያለ ሰው አዎ እንዳለ ይቆጠራል። ይልቃልም ይህን ሳያውቅ አልቀረም፤ ምንም አልቸኮለም።

አባቴ ተነሣ። በትሩን መሬት ላይ ተከለ።

«የለም» አለ። «ይህን የምለው እኔ ኤርካሎ ነኝ። የለም።»

ጓደኛው ሽማግሌ ቦልቴ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

በሳምንቱ ፈላጊዎቹ ችካላቸውን ነቅለው ወደ ሌላ ቀበሌ ሄዱ። በመንደሩ እልል ያለ ሰው የለም። ቦልቴ ቤታችን መጥቶ አባቴን ለመነው። «እዚያው ዱቡሻ ላይ ቁምና ዋሽቻለሁ በል። ካልተናዘዝክ ጎሜው አይለቅህም።»

«ብናዘዝ ፈላጊዎቹም ይሰማሉ» አለ አባቴ። «ጎሾቹስ?»

በማግስቱ ሰሌኑን ጠቅልሎ ጫካው ዳር ወዳለችው የጥበቃ ጎጆ ሊሄድ ተነሣ። የመጀመሪያ ልጄን ፀንሻለሁ፤ ጎሜው ለእኔና ለልጄ እንዳይተርፍ ከእኔ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ማደር አልፈለገም።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ተረት ነው!» ብዬ ጮህኩበት።

«ተረት ከሆነ ምን አስፈራሽ?» አለኝ። «ብቻ ጎጆዬ እንዳትገቢ።»

በየጊዜው ምግብ ከደጃፉ አኖርለታለሁ። ሰሞኑን ያኖርኩት ምግብ ሳይነካ አገኘሁት፤ ትኩሳት እንደያዘው ከውስጥ ነገረኝ። ቆላ ነው፣ ወባ ነው፣ ለተማሪዎቼ የማስተምረው ነገር ነው። መድኃኒትና አንድ ጆግ ውሃ ይዤ ተመልሼ ወረድኩ። ጎጆው አጠገብ እርጥብ ጭቃ ላይ የጎሽ ዱካ ሞልቷል።

«አባዬ! ጎሾቹ ወርደዋል!»

«አየሻቸው?» አለ ከውስጥ። ድምፁ የሕፃን ድምፅ ያህል ቀጥኗል። ከዚያ፣ እንዳትገቢ ያለኝን ረስቶት ነው መሰለኝ፣ «ግቢ ልጄ፣ ውሃ አጠጪኝ» አለኝ።

ልገባ አንድ እግሬን አነሣሁ። ያኔ ልጁ ሆዴ ውስጥ ተገላበጠ። ፍርሃት ከእግሬ እስከ ራሴ ወረረኝ።

እኔ በጎሜ አላምንም። መድኃኒቱንና ጆጉን የበሩ ደፍ ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ፤ የአባቴ እጅ ከጨለማው ወጥቶ መሬት መሬቱን እየዳበሰ ጆጉን ሲፈልግ ቆሜ አየሁ።