ንጹሕ ሰሌዳ የምታጠፋው መምህርት

የሒሳብ መምህርቷ አንዲት ቃል ያልተጻፈበትን ሰሌዳ ማጥፋት ጀመረች። ንጹሕ ሰሌዳ የምታጠፋው ቁጣዋ ሊያመልጣት ሲል መሆኑን ተማሪዎቿ ያውቃሉ።

ከኋላዋ የተቀደደ የፈተና ወረቀት ወለሉ ላይ ተበትኗል። የቀደደችው መጨረሻው ወንበር ላይ የምትቀመጠው ረጅሟ ልጅ ናት። «እርስዎ ማስተማር አይችሉም፤ እኔ ምን ላድርግ?» ብላለች፣ ቁጭ እንዳለች።

«ውጪ» ማለት ቀላል ነበር። ግን ጠዋት ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ «ያቺ ልጅ አንድ ጊዜ ከክፍል ከተባረረች አለቀላት፤ ከትምህርት ቤቱ ትሰናበታለች» ብሏታል። ትገላገያታለሽ ማለቱ ነው። መምህርቷ ሥራዋን አክብራ የያዘች ሰው ናትና በልጅቷ «አይችሉም» መባሏ አጥንቷ ድረስ ገብቷል።

ዳስተሩን አስቀመጠች። በረጅሙ ተነፈሰችና እንደ ልማዷ ጮክ ብላ እያነበበች አዲስ ስሌት ትጽፍ ጀመር። ድምፅዋ እንደወትሮው ለስላሳ ነበር። ይህ ሁሉ ትዕግሥት ከየት እንደሚመጣ እንጃ፤ ሰው ቤቱ ውስጥ በአንድ ልጅ ያብዳል፣ እሷ ክፍል ሙሉ ልጅ ፊት ትቆማለች።

ሦስተኛው መስመር ላይ ግን ተሳሳተች። ሰባትን ከእኩል ምልክቱ ወዲያ ስታሻግር መደመሩን ወደ መቀነስ ሳትለውጥ ቀረች። ሌላ ቀን ቢሆን ክፍሉ በሳቅ ይፈነዳ ነበር፤ እሷም አብራ ትስቅ ነበር። ዛሬ ማን ይድፈር። ሁሉም ስሕተቱን እንዳለ ገለበጠ።

«ቲቸር» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። «ሰባቷ... መቀነስ ናት መሰለኝ።»

ያቺው ልጅ ናት። መምህርቷ ሰሌዳውን አየች፤ ፊቷ ጋለ። አሁን አንድ ክፉ ቃል ከአፏ ቢያመልጥ ማንም አይፈርድባትም።

«ልክ ነሽ» አለች። «ነይ አስተካክይው።»

ልጅቷ ወደ ሰሌዳው መጣች፤ መምህርቷ ጠመኔውን አቀበለቻት። ልጅቷ ዓይኗን ሰበር አደረገች። መምህርቷም ቦታ ልትለቅላት ወደ ኋላ ሄዳ ባዶው ወንበር ላይ፣ የልጅቷ ቦታ ላይ ተቀመጠች።

ቀና አለች። የመስኮቱ ብርሃን ሰሌዳው ላይ አንጸባርቋል። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ አንድም ቁጥር አይለይም። ዓመቱን ሙሉ ይህቺ ልጅ በጆሮዋ ብቻ ስትማር ኖራለች።

ልጅቷ ጠመኔውን እንደያዘች ትጠብቃለች።

«ጮክ ብለሽ አንብቢው» አለች መምህርቷ፣ «ከዚህ ምንም አይታይም።»